ድንጋዩን ማን ይሸከም?

እጄ እርጥብ ነበር። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ሲያትል ከተማ፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ውስጥ፣ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ደጃፉ ላይ የሚቆምበት አንድ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ፣ ላውንድሪ ቤት፣ እሠራ ነበር። የተበላሸ ማሽን እፈታለሁ፣ የተዘጋ ቱቦ እጠርጋለሁ፣ ብቻዋን ለቀረች ካልሲ ባለቤት እፈልጋለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማሽን ፈትቼ እስከ ክርኔ ውሃ ውስጥ ሳለሁ፣ በሩን የሚሞላ አሜሪካዊ ሽማግሌ መጥቶ ፊቴ ቆመና እጁን ዘረጋልኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ልብሱን ውጦ የያዘበትን ማሽን ከፍቼለት ስለነበር ሊያመሰግነኝ ነው። እኔም እንዳደግሁበት ወግ መዳፌን አጠፍ አድርጌ አንጓዬን አቀበልኩት። ታላቄ ስለሆነም በግራ እጄ የቀኝ ክርኔን ደግፌ ጎንበስ አልኩለት። ሰውዬው አንጓዬን ጫጩት እንደሚይዝ ሰው በስሱ ያዘና ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለየትኛው ድርጅት ነው የታገልከው?»

«እኔ? ከታናሽ ወንድሜ በቀር ከማንም ጋር ታግዬ አላውቅም። እሱም ይጥለኝ ነበር።»

ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «ጎበዝ! ለማንም እንዳትናገር» ብሎኝ ወደ ቅርጫቱ ተመለሰ።

ምን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። በዚህ አገር ወንድ ልጅ ሲጨብጥ አጥንት ካላንቋቋ የጨበጠ አይመስለውም። እነዚያ በቴሌቪዥን የምናያቸው፣ ሪንግ ውስጥ ሰውን አንስተው የሚያፈርጡት የነጻ ትግል ታጋዮች ግን እርስ በርስ ሲገናኙ ነካ አድርገው ነው የሚለቁት። «እኔ ስሠራ ሰው አልጎዳም፤ አንገትህን ብትሰጠኝ እጠብቅልሃለሁ» ማለታቸው ነው። የሙያቸው መታወቂያ ይህ ነው። ሰውዬው የእናቴን አስተዳደግ አይቶ የድሮ ታጋይ ነው ብሎ ደመደመ። አይደለሁም ስለው ደግሞ ጭራሽ አመነኝ፤ ትግሉ አስቀድመው የተስማሙበት ትዕይንት ስለሆነ መካድም የሙያው ግዴታ ነውና።

እሱ «ክፉው» ነበር። ሁልጊዜ አብሮት የሚመጣው ሌላኛው ሽማግሌ ደግሞ «ደጉ»። ስማቸው አይደለም፤ የሥራ ድርሻቸው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ የትግል ድርጅት ውስጥ፣ በየከተማው የትምህርት ቤት አዳራሽና የገበያ ሜዳ፣ አንዱ ክፉ ሌላው ደግ ሆነው ሲታገሉ ኖረዋል። በእድሜ አንቱታ የሚገባቸው ናቸው፤ አንቱ ስላቸው ግን ቅርበታችን የሚሸሽብኝ ስለሚመስለኝ አንተ እያልኩ እጽፋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

መቼም እግዜር ድርሻ ሲያድል ተሳስቷል። ክፉው ያገኘውን ሰው ሁሉ «እንዴት ያምርብሃል» ሳይል የማያልፍ፣ የሴቶችን ቅርጫት የሚሸከም፣ ለማንም በር የሚከፍት ሰው ነው። ደጉ ደግሞ ከማሽኑ ጋር ሳይቀር የሚጣላ ነጭናጫ። አንገቱ አይዞርም፤ ሰው ሊያይ ሲፈልግ መላ ሰውነቱን ይዞ ነው የሚዞረው። የሁለቱም ጆሮ ተጨፍልቆ እንደተጨማደደ ሊጥ ሆኗል። ከላውንድሪው ጀርባ ባለው አፓርታማ ምድር ቤት፣ ግድግዳ ተጋርተው ነበር የሚኖሩት። ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣምና።

በዓመት ሁለት ጊዜ ካባዎቻቸውን ያመጣሉ። የክፉው ሐምራዊ ሐር፣ በጥቁር ፈርጥ የተንቆጠቆጠ፤ የደጉ ነጭ። እነዚህን ማሽን አያስነኩም። ኋላ ባለው ገንዳ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጃቸው ያጥባሉ። አንድ ቀን ለክፉው «የማትለብሱትን ልብስ ለምን ታጥቡታላችሁ?» አልኩት።

«ድንገት ቢጠሩንስ?» አለኝ። ደጉ ከኋላው መላ ሰውነቱን አዙሮ «አይጠሩንም! ቢጠሩንም አንሄድም!» ብሎ ጮኸበት። ነገር እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ።

ታሪኩን በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት፤ በየማክሰኞው ትንሽ ትንሽ። የድርጅታቸው አንደኛው ሕግ ባላንጣዎች ከሪንግ ውጭ አብረው አይታዩም የሚል ነበር። ተመልካቹ ጠባቸው የእውነት እንዲመስለው በተለያየ መኪና ይሄዳሉ፣ በተለያየ ምግብ ቤት ይበላሉ፣ በተለያየ ሆቴል ያድራሉ። ተመልካቹም ቢሆን ግማሹ ያውቃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሕጉ ግን ሕግ ነው። ሁለቱ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በአንድ ገበታ ቀርበው አያውቁም። ግን ማን ማንን ምን ያህል ያውቃል ቢባል፣ በየቀኑ አንገቱን አሳልፎ የሚሰጥህን ሰው ከማወቅ የበለጠ ምን አለ? ክፉው ደጉን ሺህ ጊዜ ጥሎታል፤ አንድም ቀን አሳምሞት አያውቅም።

አንድ ቀን የሪንጉ ጣውላ ተሰበረና ደጉ በአንገቱ ወደቀ። ሆስፒታል ገባ። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ በጥየቃ ሰዓት፣ ክፉው አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው ሄደ። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እጁን ይዞ ሲያለቅስ አንድ ሰው ፎቶ አነሳቸውና ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በማግስቱ የድርጅቱ ባለቤት ክፉውን አባረረው። ደጉን ግን ይኸው ሰው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ «አንተ ትቆያለህ» አለው። «አንድ ነገር ብቻ በቴሌቪዥን ተናገር። ክፉው የመጣው ልጠይቅ ብሎ ሳይሆን ሊጨርስህ መሆኑን ተናገር። ያኔ ሥራችን ይድናል።»

ደጉ አንገቱ በብረት ታስሮ ስለነበር ራሱን መነቅነቅ አይችልም። «አልልም» አለ። እሱም ተባረረ። ያላለውን ድርጅቱ ራሱ አለለት። በሳምንቱ በቴሌቪዥን «ክፉው የታመመ ሰው ሊገድል ሆስፒታል ገባ፤ አሁን ፈርቶ ጠፍቷል» ተብሎ ተነገረ። ይህ ከሆነ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ከድርጅቱ አልታረቁም። የሚፈልጉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያንን ውሸት ባስተላለፈው ጣቢያ፣ በዚያው ማይክራፎን፣ «ሰውዬው ጓደኛው ታሞበት ሊጠይቀው ነው የሄደው» እንዲባል። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

እንግዲህ ድንገት ተጠሩ። የድሮው ባለቤት ሞቶ ድርጅቱን ልጁ ወርሷል። ሲታገሉበት የኖሩት አሮጌ አዳራሽ ሊዘጋ ስለሆነ የመጨረሻ ትልቅ ትዕይንት አዘጋጅቶ ደብዳቤ ላከ። ክፉው ደብዳቤውን ላውንድሪ ይዞት መጣና ጮክ ብሎ አነበበልን። ሁለቱ ካባቸውን ለብሰው ሪንግ ይወጣሉ። ክፉው በሕዝብ ፊት ደጉን ይቅርታ ይጠይቃል። ደጉ ይቅር ይላል፣ ይተቃቀፋሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። «ድርጅታችን ሁለቱን ጠላቶች በማስታረቁ ክብር ይሰማዋል» ይላል መጨረሻው።

«ጠላቶች!» አለ ደጉ። «ትናንት ማታ ሾርባ ያበላኝ ማን ሆነና!»

ክፉው ግን ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ደጉ ማድረቂያውን ሊያይ ዞር ሲል ወደ እኔ ጠጋ ብሎ እንዲህ አለኝ። «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ጮኾብኛል፣ ተፍቶብኛል። ሥራዬ ነው፣ አልከፋኝም። ግን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ። ልቤ ደካማ ነው ብለውኛል ሐኪሞቹ፤ ሳልሰማው ነው የምሞተው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ሄዶ ቢያጨበጭቡለት ውሸቱ በገዛ አፉ ይጸናል፤ ጓደኛውን ሊገድል እንደሄደ ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ቢቀር ያንን ጭብጨባ ሳይሰማው ይቀራል። ደጉ «እሱ ከሄደ እሄዳለሁ፣ ከቀረ እቀራለሁ» ብሎ ውሳኔውን ለእሱ ትቶለታል። እኔ ደግሞ እንዲሄድ ፈለግሁ። ለምን እንደፈለግሁ በዚያን ጊዜ ብጠየቅ «ለእሱ አዝኜ» እል ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። አገር ቤት ሳለሁ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበርሁ። የአንዱ ማሽን መከላከያ እንደላላ፣ ብሎኑ እንደተበላ፣ መለዋወጫ ካልመጣ ሰው እንደሚጎዳ ሦስት ጊዜ ለአለቃዬ ተናግሬአለሁ። አልሰማኝም። አንዲት ሠራተኛ ሦስት ጣቶቿን አጣች። ጥፋቱ በእኔ ተላከከና ከሥራ ታገድሁ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» ከተባልህ ከሥራ መታገድ ትንሹ ቅጣት ነው። ዘመዶቼ ሽማግሌ ሰብስበው «ጎንበስ ብለህ እለፋት» አሉኝ። ጎንበስ አልሁ። በሠራተኛው ፊት የአለቃዬን ጉልበት ስሜ «ብሎኑን ማጥበቅ ረስቼ ነው» አልሁ። ሴትዮዋ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ይዛ እዚያው ቆማ ነበር። ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ሰላም ብላኝ አታውቅም። የዲቪ ሎተሪ ወጥቶልኝ አሜሪካ እስክመጣ ድረስ «ብልህ ነኝ፣ አሳልፌአታለሁ» እያልሁ ራሴን ሳሞኝ ኖርሁ። ክፉውም እንደ እኔ ጎንበስ ቢል የእኔ ጎንበስ ማለት ብልህነት መሆኑ ይረጋገጥልኝ ነበር። ለካ የፈለግሁት ይህንን ነው።

ስለዚህ ያገሬ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ፤ ሽማግሌ ሰበሰብሁ።

አንደኛው ከሲያትል ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ የሚኖር ታክሲ ነጂ ጓደኛዬ ነው። ሁለተኛው ከከተማው በስተደቡብ ዴ ሞይን ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ አገር ቤት የአጥቢያ ዳኛ የነበሩ አባባ። እድሜ ልካቸውን ባልና ሚስት፣ ጎረቤትና ጎረቤት ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲያትል ከመጡ ወዲህ ግን የሚያስታርቁት ጠፍቶ ስልቹ ሆነው ነበር። በስልክ «ሁለት አዛውንት ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ተጣልተው» ብቻ ብዬ ነገርኋቸው። ዝርዝሩን አልነገርኋቸውም፤ ነገር እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ።

«እሑድ ከቸርች እንደወጣን ፒክ አደርጋችኋለሁ» አለ ባለታክሲው። «ሶ፣ ኮል አድርገን ነው የምንሄደው ወይስ ሰርፕራይዝ?»

«ሽማግሌ ቀጠሮ አያሲዝም» አሉ አባባ። «ደጅ ይጠናል እንጂ።»

እሑድ ሦስታችንም ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ አባባ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ ደርበው፣ የክፉውን በር አንኳኳን። ደጉም እዚያው ነበር። ደነገጡ፤ ክራባት ያሰሩ ሦስት ሐበሾች በእሑድ ቀን ምን ፈልገው ይመጣሉ? ወንበር አቀረቡልን። አባባ ወንበሩን በዓይናቸው እንኳ አላዩትም።

«አንቀመጥም በላቸው። እሺ እስኪሉን እንቆማለን።»

ተረጎምኩ። ይሄኔ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ክፉው የሶፋውን ክንድ ተደግፎ ተነሳ። ደጉም እያቃሰተ ተነሳ። ተጋጣሚ ቆሞ እያለ መቀመጥ በእነሱም ዘንድ ነውር ነው ለካ። አምስት ሰዎች በዚያች ጠባብ ክፍል ተፋጠን ቆምን። አባባ ስለ ሰላም፣ ስለ እድሜ፣ ስለ ሞት ተናገሩ። እኔ ተረጎምኩ። ክፉው የሶፋውን ክንድ እንደጨበጠ ነው፤ አባባም የበሩን መቃን ይዘዋል። ማናቸውም አልተቀመጡም። ባለታክሲው በጆሮዬ «ኧረ አንዳቸው ይወድቃሉ! ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጌ አምቡላንስ ልጥራ እንዴ?» አለኝ።

በመጨረሻ ክፉው ተናገረ። «ጠይቅልኝ እስቲ። በእናንተ አገር ሽማግሌ የሚልከው ማነው? የበደለው ነው ወይስ የተበደለው?»

አባባ ጥያቄው ደስ አላቸው። «በዳዩ ነው እንጂ! በዳይ ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት ይቀርባል። በድያለሁ ብሎ በአፉ ይናገራል። ተበዳዩ ድንጋዩን ያወርድለታል።»

ክፉው ጨርሶ አዳመጠ። ከዚያም በትሕትና፣ እንግዳን ላለማስቀየም በሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ «ታዲያ ድንጋዩ የታለ?» አለ።

ተረጎምኩ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ማነው የላከን?»

«ማንም፣ አባባ።»

«ምንድነው የበደሉት ሰዎቹ?»

ነገርኋቸው። በቆምኩበት ሁሉንም፣ ከብርቱካኑ ከረጢት ጀምሮ። አባባ ፊታቸው ጠቆረ።

«ታማሚ ጠየቀ ብለው?» አሉ። «ታማሚ ጠየቀ ብለው አባረሩት? አንተም ተበዳዩን ይቅርታ ጠይቅ በሉልኝ ብለህ እኔን በነጠላዬ አመጣኸኝ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! አዋረድከኝ እኮ፣ ልጄ!»

ይህን ብለው ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በሽምግልና ዘመናቸው እሺ ሳይባሉ ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ክፉውና ደጉም ተያዩና ተቀመጡ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝ። እፍረቴ እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ ያቺ ፋሻ የጠቀለለች ሴትዮ እዚያ ክፍል ውስጥ የቆመች መሰለኝ። ለካ እኔ ያን ጊዜ የተሸከምኩት የሌላ ሰው ድንጋይ ነበር።

አባባ ግን ሥራ ጀምረው የሚያቋርጡ አይደሉም። «አሁን ሽምግልናው ወደ በዳዩ ነው» አሉ። ድርጅቱን የወረሰው ልጅ መልስ ለመስማት ማክሰኞ ላውንድሪው ድረስ እንደሚመጣ ሲሰሙ ከሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር አንድ ድቡልቡል ድንጋይ አንስተው፣ በግሮሰሪ ፌስታል ይዘው ከባለታክሲው ጋር ከች አሉ።

ልጁ መጣ። ሃምሳ የማይሞላው፣ ካፖርቱ ያማረ፣ ጥርሱ የተደረደረ ሰው ነው። እኔን ሲጨብጠኝ ጣቶቼን አንድ ላይ ፈጨልኝ፤ ታግሎ እንደማያውቅ በዚያ አወቅሁ። ክፉው ገንዳው ላይ ቆሞ ሐምራዊ ካባውን እያጠበ ነበር። የሚያጥበው ሊሄድ ይሁን ሊቀር፣ ደጉ እንኳ አያውቅም ነበር። ልጁ ስለ አዳራሹ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለሚጠብቀው ሕዝብ አወራ። «ሁሉም ተነስቶ ነው የሚያጨበጭብልህ» አለ። የክፉው እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ያቺ ዓረፍተ ነገርስ?» አለ ደጉ።

«ያ የአባቴ ዘመን ነገር ነው፤ እኛ ረስተነዋል። አሁን እሱን ብናነሳ ታሪኩ ይበላሻል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደሜ ፈላ፤ አባባ ግን ቀደሙኝ። ፌስታሉን ከፍተው ድንጋዩን ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ተርጉምልኝ አሉኝ። ድንጋዩ የማን እንደሆነ፣ በጫንቃ ተሸክሞ ምን ማለት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያወርደው ተረጎምኩለት። ልጁ በጥሞና ሰማ። ፊቱ እየበራ ሄደ። ልቡ ተነካ ብዬ ደስ አለኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ።

«ግሩም ነው!» አለ። «ሪንግ ውስጥ እናደርገዋለን! እኔ እሸከማለሁ፣ እናንተ ታወርዱልኛላችሁ። ሕዝቡ ያብዳል! ከስፖንጅ አሠራዋለሁ፣ ከሩቅ እንዲታይ ትልቅ አድርጌ።»

«ዓረፍተ ነገሯንስ ትላታለህ?» አለ ክፉው፣ ሳይዞር።

«እሷን ተዋት። ድንጋዩ ይበቃል።»

ለአባባ ልተረጉምላቸው አፌን ከፈትሁ። «ተወው፣ ገብቶኛል» አሉ። ድንጋያቸውን ወደ ፌስታላቸው መለሱት።

ክፉው ካባውን ከውሃው አውጥቶ ቀስ አድርጎ ጨመቀው። «አልመጣም» አለ። «በሪንግ ውስጥ ውሸት ሠርቼ በልቻለሁ፣ አላፍርበትም። ሆስፒታል የሄድሁት ግን የእውነቴን ነው። እሱን አልሸጥም።» ልጁ ሊለማመጥ እጁን ዘረጋለት። የክፉው እጅ እርጥብ ነበር፤ አንጓውን መስጠት ይችል ነበር፣ ከእኔ አይቷል። አልሰጠውም። ካባውን መልሶ ገንዳው ውስጥ ነከረው። የልጁ እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ወደ ካፖርቱ ኪስ ገባ። እንዴት እንደኮራሁ! የራሴ አባት እንኳ ያን ያህል አኩርቶኝ አያውቅም።

ትዕይንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በቀጥታ ይተላለፋል። ላውንድሪው ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለን። ሁለቱ አንሶላቸውን ይዘው መጡ፤ ቀኑ ማክሰኞ አለመሆኑን ማናችንም አላነሳንም። ከእኛ ሌላ ዘጠኝ ደንበኞች ነበሩ፤ የምታጣጥፍ ቬትናማዊት እናት፣ የሆቴል ዩኒፎርማቸውን የሚጠብቁ ሁለት የሐበሻ ልጆች፣ የቀሩትም እንደዚሁ የሰፈር ሰው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጁ ራሱ ማይክራፎኑን ያዘና ሁለቱን በመድረክ ስማቸው ጠራ። ከዚያ «አልመጡም!» አለ። «ክፉው ዛሬም ይቅርታ ለመጠየቅ ፈርቶ ቀረ!» ሕዝቡ ጮኸ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ «ቡ» ብሎ አንቋሸሸው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ተንቀጠቀጠ።

ላጠፋው ተንደረደርሁ። ክፉው በእጁ ከለከለኝ። አንሶላውን እንደያዘ እያዳመጠ ፈገግ አለ። «አልረሱኝም» አለ። «አየህ? አሥራ ስምንት ዓመት! ሥራዬን አሳምሬ ሠርቼ ነበር ማለት ነው።» ይህን ሲል ደረቱ ተነፍቶ ነበር። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ደጉ ይህን አየ። በሕይወቱ የሙያውን ምስጢር ለውጭ ሰው ተንፍሶ የማያውቅ፣ እኔን እንኳ ታጋይ ነው ብሎ ስላመነ ብቻ ያወራኝ ሰው ነው። አንሶላውን አስቀመጠ። መላ ሰውነቱን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ወደ ማሽኖቹ ዞረ። እጁን አፉ ላይ ማይክራፎን አስመስሎ በዚያ በድሮው የአዳራሽ ድምፅ ጮኸ።

«ክቡራትና ክቡራን! ይህ ሰው ታምሜ ሊጠይቀኝ መጣ! ብርቱካን ይዞልኝ መጣ! አንድም ቀን አሳምሞኝ አያውቅም! ጓደኛዬ ነው!»

ከዚያም ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ እጄ ሳሙና እንደሆነ ተከተልሁት። ሁለቱ ልጆች፣ ቬትናማዊቷ እናት፣ ምን እንደተባለ ያልገባው ሁሉ አጨበጨበ። ከልጆቹ አንደኛዋ እልል አለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሕዝቡ ገና እየጮኸ ነው፤ ላውንድሪው ግን አሸነፈው። ክፉው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው፤ ለጭብጨባ ምን እንደሚደረግ ተለማምዶ አያውቅም። ኋላ አንሶላውን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እነዚያን ጉልበቶች አጠፈና እጅ ነሳ። ላነሳው ስሮጥ ደጉ ቀድሞኝ ክንዱን ይዞታል።

በማግስቱ እሑድ ከቤቴ ሳልወጣ ደብዳቤ ጻፍሁ። አንዱ ለፋብሪካው ነው፣ ሌላው ግልባጭ ለዚያች ሴትዮ። ብዙ ወረቀት ቀድጄ በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረልኝ፤ «ይቅርታዬን መልሱልኝ፤ ብሎኑን አልረሳሁም፣ ሦስት ጊዜ ተናግሬ የሰማኝ አጣሁ።» ሰኞ ፖስታ ቤት ገባ። ከፋብሪካው መልስ አልመጣም፣ አልጠበቅሁምም። ከፋብሪካው ጋር እስከ ዛሬ አልታረቅንም።

ማክሰኞ ለክፉው የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ጉልበት መሳሜን፣ ሴትዮዋን፣ ደብዳቤውን። ጨርሶ ሰማኝና እጁን ዘረጋ። የእኔ እጅ ያን ቀን ደረቅ ነበር፤ እሱ ግን መዳፌን አልፎ አንጓዬን ያዘ፣ በስሱ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ከእኛ ወገን መሆንህን በመጀመሪያው ቀን አውቄ ነበር እኮ» አለኝ።

ያን ቀን ግን አልካድሁም።